ጥያቄና መልስ፦ የወር መዝጊያንና የፋይናንስ ሪፖርትን አውቶሜት ማድረግ

በሂሳብ ክፍል የቁጥጥርና የሪፖርት ሥራን አውቶሜት ስለማድረግ (በሶፍትዌር በራሱ እንዲሠራ ስለማድረግ) ከላካችኋቸው ጥያቄዎች የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ሥራ አስኪያጁ በየቀኑ የሚታይ ዳሽቦርድ (ዋና ዋና ቁጥሮችን በአንድ ገጽ የሚያሳይ ሰሌዳ) ይፈልጋሉ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከዳሽቦርዱ አትጀምር። ሂሳቡ ሳይታረቅ፣ ማለትም መዝገቡ ከባንክ መግለጫና ከመሰል ማስረጃ ጋር ሳይመሳከር፣ ዳሽቦርድ ከተሠራ ትርፉ ስህተትን ቶሎ ቶሎ ማሳየት ነው። መጀመሪያ ወር ለመዝጋት (የወሩን ሂሳብ አጠናቅቆ ለመጨረስ) የሚሠሩትን ሥራዎች በሙሉ ዘርዝር፤ በየጎናቸው ማን እንደሚሠራቸው፣ መረጃው ከየት እንደሚመጣ፣ ስንት ሰዓት እንደሚወስዱና የማንን ሥራ እንደሚጠብቁ ጻፍ። ብዙ ጊዜ ቀኑን የሚበላው ስሌቱ ሳይሆን ጥበቃው ነው። ከዚያ መገልበጡን፣ ማዛመዱንና መወሰኑን ለይ። መገልበጥና ማዛመድ ለማሽን ይሰጣሉ፤ የማይሰበሰብ ዕዳ ግምትን የመሰለ ውሳኔ ግን ከሰው እጅ መውጣት የለበትም። እኔ የምመርጠው መነሻ የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ነው። ትክክለኛው መልስ ስለሚታወቅ ማሽኑ ሲስት ወዲያው ታያለህ።

ጥያቄ፦ ባንኩን ስናስታርቅ ማሽኑ በምን ሕግ ያዛምድ? በገንዘብ መጠን ብቻ ስናዛምድ አብዛኛው ይገጥማል።

መልስ፦ ችግሩ እሱ ነው፤ የማይገናኘውም ይገጥማል። በየወሩ እኩል የሚከፈል ኪራይ ካላችሁ የአንዱ ወር ክፍያ ከሌላው ወር ምዝገባ ጋር ይያዛል፤ ድምሩ ትክክል ስለሚሆን ማንም አያየውም።

ሕጎቹን ከጥብቁ ወደ ላላው ደርድሯቸው። መጀመሪያ የማጣቀሻ ቁጥሩም መጠኑም አንድ የሆነው ይዛመድ። ቀጥሎ መጠኑ እኩል ሆኖ የቀኑ ልዩነት ከ3 ቀን የማይበልጠው፤ ግን በሁለቱም ወገን አንድ ብቻ ተዛማጅ ሲገኝ ነው፤ ሁለት ከተገኘ ወደ ሰው ይሂድ። በመጨረሻ አንድ ደንበኛ በአንድ ገቢ ብዙ ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ) ሲከፍል የኢንቮይሶቹ ድምር። እያንዳንዱ ተዛማጅ በየትኛው ሕግ እንደተያዘ ይመዝገብ፤ ኦዲተሩ ይጠይቃችኋል።

ማሽኑ ሥራውን በማስረጃ ይዝጋ። በመዝገባችሁ 482,400፣ በባንኩ መግለጫ 497,850 አለ እንበል። ተጽፈው ለባንክ ያልቀረቡ ቼኮች 18,000፣ ባንኩ ገና ያልመዘገበው ገቢ 2,500፣ እናንተ ያልመዘገባችሁት የባንክ አገልግሎት ክፍያ 50 ነው። ባንኩ 497,850 ሲቀነስ 18,000 ሲደመር 2,500፣ 482,350 ይሆናል። መዝገቡም 482,400 ሲቀነስ 50፣ ያው 482,350። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ሪፖርቱ አይውጣ። ትናንሽ ልዩነቶች በራሳቸው እንዲሰረዙ ከፈቀዳችሁ ለአንዱም ለወሩ ድምርም ጣሪያ አብጁ፤ የወሩ ጣሪያ ከሌለ በትንሽ በትንሹ ብዙ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ኤክሴል ይበቃናል ወይስ ሌላ ሶፍትዌር እንግዛ?

መልስ፦ ድርጅቶቹ ጥቂት ከሆኑና ምንጩ ከአንድ ሁለት ሲስተም ካልበለጠ ከ2016ቱ ኤክሴል ጀምሮ አብሮ የሚመጣው ፓወር ኪዌሪ (ፋይሎችን አንብቦ የሚያስተካክል መሣሪያ) ብዙ ያስኬዳል። የየወሩን ፋይል አንድ ፎልደር ውስጥ ታስቀምጣላችሁ፤ ሪፍሬሽ ሲደረግ ሁሉንም በተመሳሳይ ደረጃዎች ያነባል። ቀመር እየገለበጡ ከመሄድ የሚሻለውም ለዚህ ነው።

ወጥመዶቹን ግን እወቁ። የሂሳብ ኮድና የኢንቮይስ ቁጥር እንደ ጽሑፍ ይነበቡ፤ እንደ ቁጥር ከተነበቡ ፊት ያሉት ዜሮዎች ይጠፋሉ፣ ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ ያለውንም ወደ ዜሮ ይቀይረዋል። ቀን ደግሞ ይብሳል። 03/04 ኤፕሪል 3 ወይም ማርች 4 ሊባል ይችላል፤ ቀኑ ከ12 በላይ ሲሆን ስህተት ያሳያል፣ 12 እና ከዚያ በታች ሲሆን ግን ዝም ብሎ ወርና ቀን ያቀያይራል። ስለዚህ የቀኑን አጻጻፍ በደረጃው ውስጥ በግልጽ ወስኑ።

የረድፍ ጣሪያም አለ፤ አዲሱ የኤክሴል ፋይል 1,048,576፣ አሮጌው ኤክስኤልኤስ 65,536 ረድፍ ይይዛል። በ2020 እንግሊዝ ውስጥ 15,841 የኮቪድ ታማሚዎች ከዕለታዊ ሪፖርት የቀሩት በዚሁ አሮጌ ፋይል ጣሪያ ምክንያት ነው። ፋይል በገባ ቁጥር ከምንጩ የተላከውን የረድፍ ብዛትና ጠቅላላ ድምር ከተነበበው ጋር አነጻጽሩ።

ጥያቄ፦ ሪፖርታችን በየጊዜው ከትሪያል ባላንሱ (የሁሉም ሂሳቦች የዴቢትና የክሬዲት ቀሪ ዝርዝር) ይለያያል። ምኑን ልይ?

መልስ፦ መጀመሪያ አዲስ የተከፈተ የሂሳብ ኮድ ፈልጊ። ኮዶችን ወደ ሪፖርት መስመር የሚመድበው ሰንጠረዥ ውስጥ ካልገባ ሂሳቡ ከሪፖርቱ ይወድቃል። መፍትሔው «ያልተመደበ» የሚል መስመር ከፍቶ ከውስጡ አንድም ሂሳብ ከተገኘ ሪፖርቱን ማቆም ነው። ድምሩን ብቻ አትመልከቺ፤ ዴቢቱና ክሬዲቱ ተጣፍተው ዜሮ ሊሰጡ ይችላሉ። ልዩነቱ ራሱም ይመራል፦ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ አሃዞች ተቀያይረው ተጽፈው ይሆናል፤ የልዩነቱ ግማሽ በመዝገብ ካለ ዴቢቱ ክሬዲት ላይ ገብቷል ብለሽ ጠርጥሪ። የሳንቲም ልዩነት ከሆነ በመሀል ማጠጋጋት አለ፤ ማጠጋጋት በመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ።

ጥያቄ፦ በሌላ ገንዘብ የሚሠሩ እህት ኩባንያዎች አሉን። ማዋሃዱስ?

መልስ፦ ስለ ውጭ ምንዛሪ በሚደነግገው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ በአይኤኤስ 21 መሠረት ሀብትና ዕዳ በሪፖርቱ ቀን ምንዛሪ፣ ገቢና ወጪ በግብይቱ ቀን ወይም ምክንያታዊ በሆነ አማካይ ምንዛሪ ይተረጎማሉ፤ ልዩነቱ «ሌላ ጠቅላላ ገቢ» ወደሚባለው፣ ከትርፍና ኪሳራ ውጭ ወደሚታየው ክፍል ይሄዳል። ምንዛሪው ኃላፊ ካጸደቀው ከአንድ ሰንጠረዥ ብቻ ይምጣ። በእህት ኩባንያዎች መካከል ያለው ግብይት በራሱ እንዲሰረዝ ከፈለጋችሁ እያንዳንዱ ምዝገባ የተቃራኒውን ኩባንያ ኮድ መያዝ አለበት። ያ ከሌለ ምንም ሶፍትዌር አይረዳም።

ጥያቄ፦ ክፍያ በራሱ ቢጸድቅ ቁጥጥሩ አይላላም?

መልስ፦ የግዢ ትዕዛዙ፣ የዕቃ መረከቢያውና ኢንቮይሱ በመጠንም በዋጋም ከገጠሙ ማጽደቁ ችግር የለውም። የአቅራቢን የባንክ ቁጥር የሚቀይር ሰው ክፍያ መልቀቅ ግን አይችልም፤ ይህን ሲስተሙ ራሱ ይከልክል። ሥራውን የሚሠራው ቦት (ፕሮግራም) የራሱ መለያ ይኑረው፣ በሰው ፓስወርድ አይግባ። ተደጋጋሚ ኢንቮይስ ለመያዝ ክፍተት፣ ሰረዝና የፊት ዜሮ ከቁጥሩ አውጥታችሁ ከአቅራቢውና ከመጠኑ ጋር አነጻጽሩ፤ «ኢን-0045» እና «ኢን 45» በብዙ ሲስተም ሁለት ሆነው ያልፋሉ።

ጥያቄ፦ የበጀት ልዩነት ማብራሪያውን ኤአይ ይጻፈው?

መልስ፦ ረቂቁን ይጻፍ፤ ቁጥሩ ግን ከስሌት ይምጣ። በጀቱ 1,000 ዕቃ እያንዳንዱ በ50፣ ማለትም 50,000፤ ክንውኑ 900 ዕቃ እያንዳንዱ በ58፣ ማለትም 52,200 ከሆነ ልዩነቱ 2,200 ብቻ ነው፤ 5 በመቶ ማጣሪያ ካደረጋችሁ ማንም አያነሳውም። ውስጡ ግን ዋጋው 7,200 ጨምሯል፣ ብዛቱ 5,000 ቀንሷል። ማጣሪያውን በዋጋና በብዛት ለየብቻ አድርጉት። የልዩነቱን ምክንያት የሚያውቀው ግዢውን የፈጸመው ክፍል ስለሆነ ጥያቄው በራሱ ወደዚያ ይላክ።

ጥያቄ፦ የድሮውን አሠራር መቼ እናቁም?

መልስ፦ ቢያንስ ሁለት የወር መዝጊያ በድሮውም በአዲሱም አሠራር ሥሩ፤ አንዱ የሩብ ዓመት መዝጊያ ይሁን፣ ብዙ ማስተካከያ የሚመጣው ያኔ ነውና። ልዩነት ሲገኝ አዲሱ ተሳስቷል ብላችሁ አትቸኩሉ፤ የድሮው ፋይል ውስጥ በእጅ የተጻፈ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይገኛል። ከማቆማችሁ በፊት ሥራውን ያልሠራ ሌላ ሰው በተጻፈው መመሪያ ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያስኬደው፤ የተጠራጠረበት ሁሉ መመሪያው ውስጥ ይግባ።