ከካሲዮ ቀጥሎ የትኛውን ሰዓት ልግዛ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በደሴ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ሥራ ስጀምር የገዛኋት ካሲዮ ኤፍ-91 እስከ ዛሬ ሳታስቸግረኝ እያገለገለችኝ ነው። ሆኖም አሁን አንድ ደረጃ ከፍ ያለ፣ ለክፍልም ለሠርግና ለበዓልም የሚሆን ሰዓት ማሰር አምሮኛል። ጅዳ የምትሠራው እኅቴ ለዒድ ስትመጣ ልታመጣልኝ ቃል ገብታለች፤ የወሰንነው ገንዘብ 1,000 የሳዑዲ ሪያል ነው። በሐሳቤ ያሉት በእጅ እንቅስቃሴ የሚሞላው ሴኮ 5 አውቶማቲክ፣ በብርሃን የሚሠራው ሲትዝን ኢኮ-ድራይቭ፣ እንዲሁም እዚሁ ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ በግማሽ ዋጋ ያየሁት፣ በገጹ ላይ ሦስት ትንንሽ ክቦች ያሉትና የስዊዝ ነው የተባልኩት ሰዓት ናቸው። የሁለት አገር ሰዓት የሚያሳየውን ጂኤምቲም እንድይዝ የመከረኝ ሰው አለ። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ስለማደርግ የውሃው ነገርም ያሳስበኛል። የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ አዲሱን ሰዓት ቢያስሩም ካሲዮዎን የትም አይጣሉት። ኤፍ-91 ለገበያ ከቀረበበት ከፈረንጆቹ 1989 ጀምሮ የታወቀበት ጠባዩ ትክክለኛነቱ ነው፤ በወር ከ30 ሰከንድ በላይ እንዳይዛነፍ ተደርጎ የተሠራ ሲሆን በአንድ ባትሪም 7 ዓመት ያህል ይሄዳል። የዛሬዎቹ የሴኮ 5 ሰዓቶች አብዛኞቹ የያዙት 4አር36 የሚባለው ማሽን ግን፣ በፋብሪካው በራሱ መግለጫ መሠረት፣ በቀን እስከ 45 ሰከንድ ሊቀድም ወይም እስከ 35 ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል። ብዙዎቹ በተግባር ከዚህ የተሻሉ ናቸው፤ ነገር ግን በቀን 30 ሰከንድ የሚቀድም ሰዓት በወሩ መጨረሻ ሩብ ሰዓት ቀድሞ ይገኛል ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በባትሪ ሰዓት ውስጥ ጊዜውን የሚለካው በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ የኳርትዝ ቅንጣት ሲሆን፣ በአውቶማቲኩ ውስጥ ግን በሰከንድ 6 ጊዜ የሚመታ፣ አቀማመጥና ሙቀት በቀላሉ የሚነካው ትንሽ መንኮራኩር ነው። ይህን አስቀድሜ ያነሣሁት፣ ዋጋው ሲጨምር ትክክለኛነቱም ይጨምራል ብሎ የገዛ ሰው ገና ከጅምሩ በሰዓቱ ቅር ስለሚሰኝ ነው።

ታዲያ ተጨማሪው ገንዘብ የሚከፈለው ለምንድን ነው? በእኔ እምነት በየቀኑ ለሚነኩትና ለሚያዩት ነገር ነው፤ ይኸውም ለመስታወቱ፣ ለብረቱ፣ ለማሰሪያው፣ ውሃ ለሚከለክለው ማሸጊያና ሲበላሽ ተጠግኖ ለመመለስ ላለው ዕድል ነው። ሰዓት ስትመርጡ የምርት ስሙን ሳይሆን እነዚህን ነገሮች በቅደም ተከተል መርምሩ የምለው ለሁሉም አንባብያን ነው።

ከውሃው ልጀምር፤ የእርስዎን ምርጫ ከሁሉ በላይ የሚወስነው እሱ ነውና። በሰዓት ጀርባ ላይ 30 ሜትር ተብሎ የተጻፈው እስከዚያ ጥልቀት ይዋኙበት ማለት አይደለም። በፋብሪካ ውስጥ በረጋ ግፊት የተፈተነበት ልክ ነው፤ በተግባር የሚችለው የዝናብ ጠብታንና የእጅ መታጠቢያ ፍንጥቅጣቂን ያህል ነው። 50 ሜትር የተጻፈበት በየቀኑ ለሚረጥብ እጅ ይሻላል፣ 100 ሜትር የተጻፈበት ደግሞ ለዋናም ይበቃል። ለእርስዎ 100 ሜትር እመርጣለሁ። ነገር ግን ውዱእ ላይ ውሃው ከሰዓቱ ሥር ያለውን ቆዳ መንካት ስላለበት፣ ሰዓቱ በቀን ብዙ ጊዜ መውለቁ ወይም ወደ ላይ መገፋቱ አይቀርም። የቆዳ ማሰሪያ ይህን አይችልም፤ በእርጥበቱ ይሸታል፣ በየጊዜው መፈታቱና መታሰሩም ቀዳዳዎቹን ያሰፋቸዋል። ስለዚህ በአንድ ጣት ተጭነው የሚከፍቱት መቆለፊያ ያለው የብረት ማሰሪያ ይያዙ። በጎኑ ያለችው ቁልፍም ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው መገፋቷን ያረጋግጡ፤ በትንሹ እንኳ ወጥታ ከቀረች 100 ሜትር የሚለው ጽሑፍ ምንም አያድንዎትም። የሚያሽጉት ጎማዎች ከዓመታት በኋላ ስለሚደርቁ፣ ሰዓቱ ለጥገና በተከፈተ ቁጥር እንዲታዩልዎ ይጠይቁ።

ስለ መስታወት፣ መምህራን ብዙ ጊዜ ጠመኔውን ይፈራሉ። ጠመኔ ለስላሳ ስለሆነ የሰዓት መስታወት አይጭርም። የሚጭረው በአቧራና በአሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ነው፤ በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ ይቀመጣል፣ ተራው የሰዓት መስታወት ደግሞ ከዚህ በታች ነው። ሳፋየር የሚባለው መስታወት በዚሁ መለኪያ 9 ላይ ስላለ፣ ከአልማዝ በስተቀር በዕለት ኑሮ የሚያጋጥም ነገር አይጭረውም። ከባድ ምት ግን ሊሰነጥቀው ይችላል። በያዙት ገንዘብ ሳፋየር ያለው ሰዓት ከተገኘ ዋጋ አለው፤ ካልተገኘም ተራውን መስታወት ከግድግዳና ከበር እጀታ እየጠበቁ ለብዙ ዓመታት ማሰር ይቻላል።

አሁን ወደ ሁለቱ ጃፓኖች እንምጣ። ሴኮ 5 ከፈረንጆቹ 1963 ጀምሮ አባቶቻችንም ያሰሩት የታወቀ ስም ነው፤ በፈረንጆቹ 2019 ታድሶ የወጣው ትውልድ ቁልፉን ስታሽከረክሩት የሚሞላና ቁልፉ ሲሳብ ሰከንድ ቆጣሪው የሚቆም ማሽን አለው። ከእጅ ከወለቀ በኋላ 41 ሰዓት ያህል ይሄዳል፤ ዓርብ ምሽት 12 ሰዓት ላይ አውልቀው ቢያስቀምጡት እሑድ ረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ይቆማል። በየጥቂት ዓመታትም ተፈትቶ ማጽዳትና ዘይት መቀባት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት በአካባቢዎ ያለው ሰዓት ሠሪ አውቶማቲክ የመፍታት ልምድ እንዳለው ይጠይቁት። ሲትዝን ኢኮ-ድራይቭ በበኩሉ ከገጹ ሥር ያለው፣ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል ውስጡ ያለውን ባትሪ ስለሚሞላ የባትሪ ቅያሬ ጣጣ የለበትም፤ በወርም ከ15 ሰከንድ ያልበለጠ ስሕተት ያለው ሞዴል በቀላሉ ይገኛል። ሙሉ ኃይል ከያዘ በጨለማ ውስጥ እንኳ ለወራት ይቆያል። ለደሴ ሰው የምጨምረው አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ብርዱና ጉሙ ሲበረታ ካፖርቱና ጋቢው እጅን ስለሚሸፍኑ ሰዓቱ ብርሃን ሊያጣ ይችላል። ማታ ሲያወልቁት መሳቢያ ውስጥ አይክተቱት፤ የጠዋት ብርሃን በሚያገኘው መስኮት አጠገብ ያስቀምጡት።

በደወል የሚሠራ፣ እጁን ደጋግሞ የሚያረጥብና ሰዓቱን ደጋግሞ የሚያወልቅ ሰው ስለሆኑ፣ 100 ሜትር የሚችለውን የብረት ማሰሪያ ኢኮ-ድራይቭ እመክርዎታለሁ። ልብዎ በሚንቀሳቀሰው ማሽን ከተያዘ ግን፣ የሰዓት ፍቅር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነውና፣ ሴኮውን ቢይዙ አልቃወምም፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ማስተካከልን ብቻ ይልመዱ።

በሱቁ ያዩትን የስዊዝ ነው የተባለ ሰዓት ይተዉት። በውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ርካሽ ማሽን ያለው ኮፒ ነው። ሦስቱ ክቦች ብዙውን ጊዜ የሩጫ ጊዜ መቁጠሪያ ናቸው፤ በጎኑ ያሉትን መጫኛዎች ሲጫኑ አንዳቸውም የማይነሡ ከሆነ ሥዕል ሊሆኑ ይችላሉ። በስዊዝ የተሠራ የሚለው ጽሑፍ ከፈረንጆቹ 2017 ወዲህ ከማምረቻው ወጪ ቢያንስ 60 በመቶው በዚያች አገር እንዲወጣ በሕግ የሚያስገድድ በመሆኑ፣ እውነተኛው የስዊዝ አውቶማቲክ አዲስ ሆኖ በ1,000 ሪያል፣ ማለትም በ266 ዶላር ገደማ፣ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ጂኤምቲውም አያስፈልግዎትም። ጅዳና ደሴ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ስላሉ የእኅትዎ ሰዓት የእርስዎም ሰዓት ነው። ልዩነቱ በእኛና በፈረንጆቹ አቆጣጠር መካከል ያለው 6 ሰዓት ብቻ ነው፤ 6 ሰዓት ደግሞ የገጹ ግማሽ ስለሆነ፣ የሰዓት ጠቋሚው በትይዩ ከሚመለከተው ቁጥር ላይ ሌላውን አቆጣጠር ያነቡታል። ለዚህ ተጨማሪ ጠቋሚ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

እኅትዎ ከመክፈሏ በፊት የጀርባውን ፎቶ እንድትልክልዎ ይጠይቋት። በሴኮ ጀርባ ላይ 4አር36 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ሊኖር ይገባል፤ ከ6 አኃዝ መለያ ቁጥሩ የመጀመሪያው የምርት ዓመቱን የመጨረሻ አኃዝ፣ ሁለተኛው ደግሞ ወሩን ያመለክታል። አውቶማቲክ ተብሎ ሰከንድ ቆጣሪው እንደ ባትሪ ሰዓት በሰከንድ አንድ ጊዜ የሚዘል ከሆነ ወዲያው ትመልሰው። የሳምንቱን ቀን የሚያሳየው ሞዴል ከሆነ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅ ገበያ የሚላኩት በእንግሊዝኛና በዓረብኛ ስለሚጽፉ፣ የሚፈልጉትን ቋንቋ ቁልፏን በማዞር መምረጥ ይቻላል። ስለ መጠኑም የእጅ አንጓዎን በክር ለክተው ይላኩላት። አንጓዎ 16 ወይም 17 ሴንቲሜትር ከሆነ ከ36 እስከ 40 ሚሊሜትር ያለው ሰዓት ይስማማዎታል፤ ብዙዎቹ የሴኮ 5 ሞዴሎች 42.5 ሚሊሜትር በመሆናቸው ይገዝፉብዎታል፣ ነገር ግን 38 ሚሊሜትር የሆኑም አሉ።

ጥያቄ፦ ወልድያ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነኝ። ባለቤቴ አውቶማቲክ ሰዓት ሊገዛልኝ ይፈልጋል፤ አውቶማቲክ ትክክል አይቆጥርም ሲባል ስለሰማሁ ግን የልብ ምት ለመቁጠር እሰጋለሁ። ልቀበለው?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ለልብ ምት ከሆነ ሥጋት አይግባዎ። በቀን 30 ሰከንድ የሚዛነፍ ሰዓት በአንዲት ደቂቃ ውስጥ የሚዛነፈው ከሰከንድ 2 መቶኛው ያህል ብቻ ነው፤ ይህ በመቁጠርዎ ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም። ይልቅስ የሚፈልጉት ረዥምና ከገጹ ቀለም ጋር በግልጽ የሚለይ ሰከንድ ቆጣሪ፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ሰከንድ በጭረት የተመለከተበት ገጽ ነው። ለጌጥ ተብሎ ጭረቶቹ የተቀነሱበትን የሴት ሰዓት አይቀበሉ። በየሰዓቱ እጅዎን በሳሙናና በአልኮል ስለሚያጸዱ የቆዳ ማሰሪያም አይሆንዎትም። በሥራ ሰዓት ደረት ላይ የሚንጠለጠል የነርስ ሰዓት መያዝ ለታካሚውም ለእርስዎም ንጽሕና የተሻለ በመሆኑ፣ የባለቤትዎን ስጦታ ከሥራ ውጭ ቢያስሩት ያምራልም፣ ዕድሜም ያገኛል።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው። ቀን የሚያሳይ አዲስ ሰዓት ገዝቼ በእኛ ሰዓት ሞላሁት። ቀኑ ማታ 12 ሰዓት ላይ ይቀየራል፤ ወሩ ሲያልቅም 31 ይላል። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። ሰዓቱ ቀኑን የሚቀይረው ጠቋሚው 12 ላይ ሁለት ጊዜ ከደረሰ በኋላ ሲሆን፣ ከሁለቱ 12ዎች የትኛው ንጋት፣ የትኛው ምሽት እንደሆነ አያውቅም። ጠቋሚዎቹን ቀኑ እስኪቀየር ድረስ ወደ ፊት ያዙሩ፤ ያ የተቀየረበት 12 ለእርስዎ የንጋቱ 12 ይሁን። ከዚያም ወደ አሁኑ ሰዓት ይቀጥሉ፤ ምሽት ላይ ከሆኑ አንድ ተጨማሪ ሙሉ ዙር ያዙሩ ማለት ነው።

ቀኑን ለብቻው በቁልፏ ሲቀይሩ ግን ከባድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጠቋሚው በለውጡ ዙሪያ፣ ከለውጡ በፊት ካለው 9 ጀምሮ ከለውጡ በኋላ እስካለው 4 ድረስ ባለ ጊዜ፣ ቀኑን የሚገፉት ጥርሶች ተያይዘው ስለሚገኙ በግድ ማዞር ሊሰብራቸው ይችላል። እንደ ነገርኩዎት ከሞሉት ይህ አደገኛ ጊዜ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ያለው ነው፤ ብዙ ሰው ቀኑን የሚያስተካክለው ደግሞ ልክ ጠዋት ተነሥቶ ሲያስር ነው። እስከ ቀትር 6 ሰዓት ይታገሡ፤ ያኔ ጠቋሚው ከለውጡ በቂ ያህል ስለሚርቅ ምንም ችግር የለም።

31 የሚለው የሰዓቱ የቀን ክብ እስከ 31 ስለሚቆጥር ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ31 ቀን የሚያንሱት ወሮች 5 ብቻ በመሆናቸው እርማቱ በዓመት 5 ጊዜ ነው። የእኛ 12 ወሮች ግን ሁሉም 30 ቀን ስለሆኑ በየወሩ መጨረሻ ከ31 ወደ 1 መግፋት ያስፈልጋል። ጳጉሜን 5 ሲያልቅ ደግሞ ሰዓቱ 6 ስለሚል፣ መስከረም 1 ለማድረስ 26 ጊዜ ወደ ፊት መግፋት ይኖርብዎታል። በዓመት 13 ጊዜ ይህን ማድረግ የሚከብድዎ ከሆነ ቀኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይተዉት፤ ሰዓቱን ገና ያልገዛ ሰው ካለ ደግሞ ቀን የማያሳየውን ሞዴል ቢመርጥ ገጹም ይጠራለታል፣ የሚሰበር ጥርስም ይቀንስለታል።