ከውርርድ ድል ላይ አስራት ይወጣል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 29 ነው፤ ባለትዳር ነኝ። በአንድ ጋራዥ እሠራለሁ፤ ደመወዜ 13,000 ብር ነው። ስድስት ወር ሆነኝ የእግር ኳስ ውርርድ ከጀመርኩ። እንደ ሌሎቹ ግን አይደለሁም። በወር 1,500 ብር ብቻ እመድባለሁ፤ በአንድ ቲኬት ላይ ከዚያው አምስት በመቶ፣ ማለትም ከ75 ብር በላይ አላስይዝም። ብዙውን ጊዜ በአንድ ቲኬት አምስት ጨዋታ እመርጣለሁ፤ አምስቱም ካልሆኑልኝ ምንም አይከፈለኝም፤ ሁሉንም በደብተር እጽፋለሁ። እስካሁን 9,000 ብር አስይዤ 6,210 ተመልሶልኛል። ከደንቤ የወጣሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ 3,100 ብር በልቼ አስራቱን 310 ብር በፖስታ አድርጌ አስቀምጫለሁ። ሐዋርያትም በይሁዳ ፈንታ ማትያስን ሲመርጡ ዕጣ ጥለዋል። እንዲህ በሥርዓት የተያዘ ነገር ኃጢአት ነው? አስራቱንስ ላስገባ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ መጀመሪያ የቀናሁት በደብተርህ ነው። ደመወዙን በደብተር የሚይዝ ምእመን ስንት አለ? እኔ ራሴ በዚህ ሰነፍ ነኝ። ጌታም ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቈጥር ተናግሯል (ሉቃ. 14፥28)። መቍጠር መልካም ነው። ስለዚህ አንተ የጀመርከውን ቈጠራ አብረን እንጨርሰው።

«ከደንቤ የወጣሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው» ያልከው አላስተኛኝም፤ ለዚህ ነው መልሼ የጠየቅሁህ። የነገርከኝን ስምህን ሳልጠቅስ ላንሣው። በሁለት ቅዳሜ ምሽቶች፣ የመጨረሻዋ አንድ ጨዋታ ቲኬትህን ስትጥልብህ፣ የተበላኸውን ለማስመለስ መጀመሪያ 2,000፣ ሁለተኛ 3,500 ብር አስያዝክ፤ ሁለቱም ሄደ። ገንዘቡ ባለቤትህ ለእቁብ ያስቀመጠችው ነበር። እነዚህ ሁለት ቀኖች በደብተሩ የሉም። በደብተሩ ላይ ያለው ኪሳራ 2,790 ብር ነው፤ እውነተኛው ግን 8,290። ከኪሳራው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ከደብተሩ ውጭ ቀርቷል ማለት ነው። እኔ የማምነው ደንብህ የሚጠብቅህ በሰላሙ ቀን እንደሆነ ነው። ቅዳሜ ማታ፣ ልብ ሲነድ፣ 75 ብር የሚለው ቍጥር የት ነበር?

በሰላሙ ቀን ያለውም ቢሆን ይመርመር። ዕድሉ ግማሽ በግማሽ የሆነ ውርርድ እንውሰድ፤ ጎሎቹ ከሁለት ተኩል በላይ ወይስ በታች እንደሚባለው ዓይነት። ፍትሐዊው ክፍያ ሁለት እጥፍ በሆነ ነበር። በቲኬቱ ላይ ግን ኦዱ፣ ማለትም ካሸነፍክ ያስያዝከው በስንት እጥፍ እንደሚከፈልህ የሚያሳየው ቍጥር፣ 1.85 ተብሎ ይጻፋል እንበል። አንዷ ጨዋታ ስትሆን ልዩነቱ አይታይም። አምስቱን ስትደራርብ ግን ሁሉም የሚሳካልህ ከ32 ቲኬት በአንዱ ነው፤ 75 ብርህ 2,400 መሆን ሲገባው የሚከፈልህ 1,625 ብር ገደማ ነው። በረጅሙ ሲታይ ከመቶ ብር የሚመለሰው 68 ያህል ይሆናል። አሁን ወደ ደብተርህ ተመለስ። ከ9,000 ብር 6,210፤ ከመቶው 69! ዕድለ ቢስ አይደለህም፤ ሰይጣንም ተለይቶ በቲኬትህ ላይ አልተቀመጠም። ደብተርህ የጻፈው አቋማሪው ቤት አስቀድሞ የቈረጠልህን ዋጋ ነው።

«አምስት በመቶ» የሚለውን ደንብ ከጓደኞችህ እንደሰማኸው ገምቼ፣ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ስታቲስቲክስ የተማረ ወንድም ስለ ነበር ጠየቅሁት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 ጆን ኬሊ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ አንድ ሰው ካለው ገንዘብ ምን ያህሉን ቢያስይዝ እንደሚበጀው የሚያሳይ ስሌት አውጥቷል። ስሌቱ ዕድሉ ለአስያዡ ሲያደላ ብቻ የሚሠራ ነው። ዕድሉ ወደ ቤቱ ሲያደላ ስሌቱ የሚሰጠው መልስ ዜሮ ነው። ወንድማችን ይህን ሲነግረኝ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ለእኔ ግን ስብከት ሆኖብኝ ቀረ። የገንዘብ አያያዝ ጥበብ የሚሰጥህ ነገር ቢኖር ኪሳራህን በስድስት ወር ፈንታ በሦስት ዓመት ማከፋፈል ነው።

ወደ ማትያስ እንምጣ። ብዙ ወጣቶች ይህን ጥቅስ ያነሡብኛል። ሐዋርያት ሁለት ሰዎችን አቁመው፣ ጸልየው፣ «የሁሉን ልብ የምታውቅ ጌታ ሆይ» ብለው ዕጣ ጣሉ። ዕጣው ያልወጣለት ዮሴፍ ከኪሱ ምን አጣ? ምንም። ከዕጣው ያተረፈ ሰውም የለም። መጽሐፍ ውስጥ ሌላም ዕጣ አለ፤ እጀ ጠባቡን ላለመቅደድ ከመስቀሉ ሥር የተጣጣሉት የወታደሮቹ ዕጣ። አንዱ የወሰደው ሌሎቹ ያጡትን ነው፤ ባለ ልብሱም በላያቸው ተሰቅሎ ነበር። የአንተ ቲኬት የትኛውን ይመስላል?

እንዲያውም ለምሳሌው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ባለቤትህ ቤት ውስጥ አስቀምጣው ነበር። እቁብም በዕጣ ነው። ሃያ ሰው ያዋጣል፣ ዳኛው ዕጣ ያወጣል፣ የደረሰው ይወስዳል። ግን ዕጣው የሚወስነው ተራውን ብቻ ነው፤ በመጨረሻ ሁሉም የጣለውን ያህል ይወስዳል። መጀመሪያ የደረሰው ከባልንጀራው ኪስ ተበድሮ ነው፤ በየሳምንቱ ይመልሳል። አያቶቻችን ዕጣን ያለ ተሸናፊ መጠቀም ያውቁ ነበር። ውርርድ ግን ያለ ተሸናፊ አይቆምም። የበላኸው 3,100 ብር ከድርጅቱ ካዝና የወጣ ይመስልሃል፤ ድርጅቱ ግን ገንዘብ አያርስም፣ አይሸምንም። ከአንተ ጋር በዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ስክሪን ሲያዩ ከነበሩት ልጆች ኪስ የወጣ ነው። አንዱ የቤት ኪራዩን ይዞ የመጣ ሊሆን ይችላል። «የባልንጀራህን ገንዘብ አትመኝ» የሚለው ትእዛዝ ባልንጀራው ሲፈቅድም ይሠራል።

መልሰህ «ቤተ ክርስቲያንስ ቶምቦላ ትሸጥ የለም?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። እውነትህን ነው፤ እኔም ብዙ አልወደውም፤ መባውን በቀጥታ ብንጠይቅ ይሻላል ባይ ነኝ። ሆኖም ቲኬቱን የሚገዙት አብዛኞቹ እናቶች ቍጥሩን እንኳን አያዩትም፤ ለሕንጻው ሰጥተው ነው የሚሄዱት። አንተ 75 ብርህን ለማን ሰጥተህ ነው የምትሄደው?

በቀኖናችንም ነገሩ አዲስ አይደለም። የሐዋርያት ቀኖና በቁማርና በስካር የተጠመደ ካህን ካልተወ ከክህነቱ እንዲሻር፣ ምእመንም ካልተወ እንዲለይ ያዝዛል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ399 ገደማ በቁስጥንጥንያ፣ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያንን ትቶ ወደ ፈረስ እሽቅድምድም በሄደ ጊዜ፣ ጩኸታቸውን ቤቱ ተቀምጦ እየሰማ አዝኗል፤ ቆይቶም በዐውደ ምሕረት ገሥጿቸዋል። እኔ ደግሞ ጩኸቱን ከውስጥ ነው የሰማሁት ማለት እችላለሁ። ባለፈው አንድ እሑድ በቅዳሴ፣ ዲያቆኑ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ሲል፣ ከፊቴ የቆመው ወጣት ወደ ምሥራቅ ሳይሆን ነጠላውን ከልሎ ወደ ስልኩ አየ። ሌሊት የተጫወቱት የብራዚል ቡድኖች ውጤት ነበር። ከዚያ ትከሻው ወረደ። ቅዱስ ቁርባን ሲወጣ ያ ልጅ የት እንደ ነበር እግዚአብሔር ያውቃል። ውርርድ ከገንዘብ በፊት የሚወስደው ይህን ነው፤ ለዚህ ደግሞ በወር ስንት በመቶ እንደሚመደብ የሚነግር ደንብ አላገኘሁም።

ስለዚህ ጥያቄህ ኃጢአት ነው ወይ ከሆነ፣ አዎን፣ ነው እላለሁ፤ በ75 ብርም ነው። ይህን የምልህ ግን እንደ ሌባ ቈጥሬህ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ባለጠጋ ለመሆን የሚፈልጉ በወጥመድ ይወድቃሉ ያለው (1ኛ ጢሞ. 6፥9) ለቁማርተኛ ብቻ ተለይቶ አልተጻፈም፤ ለእኛ ለመምህራንም ጭምር ነው።

አስራቱን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፦ አታስገባው። አስራት ከእርሻና ከድካም ፍሬ ይወጣል፤ አንተ ደግሞ አሁን ፍሬ የለህም፣ በስድስት ወር 8,290 ብር ከስረሃል። ከኪሳራ ላይ አስራት ማውጣት እግዚአብሔርን በሒሳቡ ውስጥ ባለድርሻ ማድረግ ይመስላል። የካህናት አለቆች እንኳን የይሁዳን ሠላሳ ብር የደም ዋጋ ነው ብለው ወደ መባ ሣጥን አላስገቡትም። ዘኬዎስም ቤቱ ጌታ በገባ ቀን ያሰበው ለበደለው ሰው እንዴት እንደሚመልስ ነው።

የ310 ብሩ ፖስታ የማን እንደሆነ እንግዲህ ታውቀዋለህ፤ ለባለቤትህ ስጣት። በሁለቱ ቅዳሜዎች ከእቁቧ ከወሰድከው 5,500 ብር ቀሪው 5,190 ነው፤ በወር ከምትመድበው 1,500 ላይ ብትከፍላት በአራተኛው ወር ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያው 1,500 ብር በእቁቡ ላይ በአንተ ስም ይጣል። መተግበሪያውን ከስልክህ አጥፋ፤ የቴሌብር የምስጢር ቍጥሩን ለጊዜው እርሷ ትያዘው። ያዋርደኛል ካልክ፣ ሁለቱን ቅዳሜዎች አስታውስ። ቅዳሜ ማታ ብቻህን አትቀመጥ፤ ጨዋታ ማየት ራሱ ኃጢአት አይደለም፣ ግን ለጥቂት ወራት ውጤቱን ሰኞ ብትሰማው ምንም አይጎድልብህም።

ደብተሩን ደግሞ አትቅደደው። ሁለቱን ቅዳሜዎች በየቀናቸው ቦታ ጻፋቸውና ለባለቤትህ አንብብላት። ከዚያ ወደ ንስሐ አባትህ ስትሄድ ይዘኸው ሂድ።