ባንኮክ ለዜጋ ተጓዥ፦ ቀኑን የት፣ ማታውን የት?

ባንኮክ መኖር ከጀመርኩ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ፣ ከስቶክሆልም፣ አልፎ አልፎም ከአዲስ አበባ "ልመጣ ነው፣ ምን ትመክረኛለህ?" የሚሉ ዜጎች ይጽፉልኛል። "ዜጋ" የምለው እኛ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች እርስ በርሳችን የምንጠራራበትን ስም ነው። ሌሎች የሰጡን ስሞች ስድብ ስለሆኑ እዚህ ቦታ የላቸውም። ተደጋግመው የመጡትን ጥያቄዎች ሰብስቤ መልስ ሰጥቻለሁ፤ የጠያቂዎቹን ስም ትቻለሁ። ሰዓቱ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ግን በፈረንጁ ነው።

ለአምስት ቀን ነው የምመጣው። የት ሰፈር ልረፍ?

ሲሎም። ሳትጨነቅ ሲሎም። "ሳላ ዴንግ" የሚባለው የሰማይ ባቡር ጣቢያና "ሲ ሎም" የሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ እዚያው ይገናኛሉ። የማታው ሰፈር በእግር የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው፣ ትልቁ የሉምፒኒ መናፈሻም መንገዱን ተሻግሮ ነው። ከሱቫርናብሁሚ አውሮፕላን ማረፊያ የኤርፖርቱን ባቡር ይዘህ ማካሳን ውረድና በምድር ውስጥ ባቡር ቀጥታ ሲ ሎም ድረስ ሂድ። ሻንጣህ ከባድ ከሆነ ግራብ ወይም ቦልት የሚባለውን ታክሲ በስልክህ ጥራ። ሁለት ወንዶች አንድ አልጋ ያለው ክፍል ሲይዙ የሆቴል ሠራተኛ ዓይን ሲያፈጥ አላየሁም፤ "ሁለት አልጋ ይሻላችኋል?" ብላ የጠየቀችኝም የለችም።

ሁሉም የሚነግረኝ ስለ ማታው ነው። ቀኑን ምን ይሠራበታል?

ይህን ስለጠየቅኸኝ ደስ ብሎኛል። ብዙው ሰው እስከ ቀትር ተኝቶ፣ ማታ ጠጥቶ፣ ባንኮክን ሳያያት ይመለሳል። እኔ ይህን ከተማ የወደድኩት በቀኑ ነው።

ጠዋት ገና ሳይሞቅ በሰማይ ባቡር ሳፓን ታክሲን ወርደህ ብርቱካናማ ባንዲራ ያለውን የሕዝብ ጀልባ ያዝ። ቻኦ ፕራያ ወንዝን ሽቅብ ሄደህ ታ ቲየን ስትደርስ ውረድና ዋት ፖ የሚባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ግባ። የተጋደመው ቡድሃ 46 ሜትር ይረዝማል፣ የእግሩ መዳፍ በእንቁ ዛጎል በተሠሩ 108 ምልክቶች ያጌጠ ነው። ከጀርባው በግድግዳው ጥግ የተደረደሩ የነሐስ ማሰሮዎች አሉ። ጥቂት ባህት ትሰጥና በትንሽ ሳህን ሳንቲም ትቀበላለህ፣ ከዚያ በየማሰሮው አንድ አንድ እየጣልክ ትሄዳለህ። ኪን፣ ኪን፣ ኪን። አዳራሹ ውስጥ ሌላ ድምፅ የለም። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አንዲት አሮጊት ሳንቲማቸው ሲያልቅባቸው ከእኔ ሳህን እፍኝ ሰጠኋቸው፤ መዳፋቸውን አጋጥመው ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉልኝ። ትከሻህንና ጉልበትህን ሸፍነህ ሂድ፣ ቤተ መቅደስ ነው። ግቢው ውስጥ ስመ ጥሩው የታይ ማሳጅ ትምህርት ቤት አለ፤ እዚያ የሚሰጥህ ማሳጅ ማሳጅ ብቻ ነው፣ ግን ጅማትህን ይፈታታል። ከዚያ በመሻገሪያ ጀልባ ወንዙን ተሻግረህ በሸክላ ስብርባሪ ያጌጠውን ዋት አሩን እይ።

ቀትር ላይ ፀሐዩ አይቻልም። ያኔ ጥላ ያለበት ግባ፦ የሐር ነጋዴው የጂም ቶምፕሰን የቲክ እንጨት ቤት ጥሩ ነው። አሜሪካዊ ነበር፣ በ1967 ማሌዥያ ለሽርሽር ሄዶ እንደወጣ የቀረ ሰው ነው። ከቤቱ ትንሽ ራቅ ብሎ የከተማው የሥነ ጥበብ ማዕከል አለ፣ መግቢያው ነፃ ነው፣ ሰኞ ግን ዝግ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከሆነ ጠዋት ጫቱቻክ ገበያ ሂድ። ከቀትር በኋላ መፈናፈኛ የለም።

ከምሽቱ ልክ 12 ሰዓት ላይ ግን ሉምፒኒ መናፈሻ ሁን። የድምፅ ማጉያው ብሔራዊ መዝሙር ሲያሰማ መናፈሻው በሙሉ ቀጥ ይላል። የሚሮጠው እግሩን ይሰበስባል፣ ብስክሌተኛው ይወርዳል፣ ልጅ የያዘች እናት ትቆማለች። ውሃው ዳር ክንድ የሚያህል ጅራት ያለው አርጃኖ ብቻ ግድ ሳይሰጠው ሣሩ ላይ ይጎተታል። መዝሙሩ ሲያበቃ ሁሉም ካቆመበት ይቀጥላል፣ ወዲያው የስፖርቱ ሙዚቃ ይለቀቅና ወጣት ሽማግሌ ሳይባል በአንድነት ይዘላሉ። ከፍቅረኛዬ ጋር ብዙ ጊዜ ከኋላ ረድፍ ገብተን እንዘላለን። ሁለት ወንዶች መሆናችንን ዞር ብሎ ያየ የለም። አገሬ እያለሁ የናፈቀኝ ይኸው ነበር።

እጅ ለእጅ ተያይዘን ብንሄድ ችግር አለው? ሕጉስ?

በሕግ ችግር የለውም። በታይላንድ ይህ ነገር ወንጀል መሆኑ ያበቃው በ1950ዎቹ ነው። የተመሳሳይ ፆታ የጋብቻ ሕጉ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 2025 ሥራ ላይ ዋለ፤ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጀመሪያዋ ናት። የዚያን ቀን ሳያም ፓራጎን በሚባለው የገበያ ማዕከል በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥንዶች ሲፈርሙ በዓይኔ አይቻለሁ። ስድሳን የተሻገሩ ሁለት ሰዎች መሐረብ እየተቀባበሉ ሲያለቅሱ አይቼ እኔም አለቀስኩ።

እጅ መያያዝ ይቻላል። መሳሳም ግን ለማንም ቢሆን፣ ለወንድና ሴትም ጭምር፣ አደባባይ ላይ አያምርም፤ ይሉኝታቸው ከእኛ ይሉኝታ ብዙ አይርቅም። ንጉሡንና ቤተሰባቸውን በቀልድም አትንካ፣ ከ3 እስከ 15 ዓመት ያሳስራል።

እሺ፣ ማታውን ንገረን።

ማታው በቅደም ተከተል ነው የሚኬደው። መጀመሪያ ሶይ 4። ሶይ ማለት ቅያስ ማለት ነው። ይህኛው ከሲሎም መንገድ የሚገነጠል፣ መጨረሻው የተዘጋ አጭር ቅያስ ሲሆን ግራና ቀኙ ወንበሩን ወደ ውጭ ያወጣ ባር ነው። ዘ ባልኮኒ እና ቴሌፎን ፐብ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ቴሌፎን ስሙን ያገኘው ድሮ በየጠረጴዛው ቁጥር ያለው ስልክ ስለነበረ ነው፤ ዓይንህ የገባውን ሰው ጠረጴዛ ቁጥር ደውለህ ታናግረው ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ግድም ሂድ፣ እራትህን እዚያው ብላ፣ መንገዱን እያየህ ተቀመጥ። ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻውን አንድ ማታ ይሞላል። ስትሬንጀር ባር ውስጥ የድራግ ትርኢት አለ፣ ሴት መስለው የሚዘፍኑና የሚያስቁ ጎበዞች ናቸው።

ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ሰው ወደ ሶይ 2 ይነሳል፣ ወደ ዲጄ ስቴሽን። መግቢያ ላይ ፓስፖርት ይጠይቁሃል፣ ከ20 ዓመት በታች አይገባም። እኩለ ሌሊት አካባቢ ትርኢት አለ፣ ከዚያ ጭፈራ ነው። ወደ ታችኛው ወለል የሚያወርድ ደረጃ ላይ አትቁም፣ ሰው ይገፋሃል።

ታዮቹ ራሳቸው የሚዝናኑበትን ማየት ከፈለግህ ራቻዳ ሰፈር ሂድ። እዚያ እንደኛ ብርጭቆ በብርጭቆ አይደለም፦ ጓደኛሞች አንድ ጠርሙስ ውስኪ፣ ሶዳና በረዶ አስቀርበው ቆመው በትንሽ ጠረጴዛ ዙሪያ ይጨፍራሉ። ፈገግ ካልክላቸው ብርጭቆ ይሰጡሃል።

እኔ 58 ዓመቴ ነው። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ቦታ ይኖራል?

ጋሼ፣ ይኖራል፣ ያውም በክብር። ሶይ 4 ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ የሚቀመጡት አብዛኞቹ እርስዎን የሚያህሉ ናቸው። ጭፈራውን ቢተዉት የሚያመልጥዎ ነገር የለም። በወንዙ ዳር አዚያቲክ በሚባለው ስፍራ የካሊፕሶ ትርኢት አለ፣ ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ተዋንያኑ ታዮቹ "ካቶይ" የሚሏቸው፣ ወንድ ሆነው ተወልደው እንደ ሴት የሚኖሩ ናቸው፤ ልብሱም ሥራውም የተዋጣለት ነው።

ለሴቶችስ? ሁሉም የወንድ ቦታ ይመስላል።

እውነትሽን ነው እኅቴ፣ ለሴቶች ቋሚ ቦታው ጥቂት ነው። የሴቶቹ ሕይወት ያለው በየጊዜው በሚዘጋጁ ፓርቲዎችና በካፌዎች ነው። አሪ የሚባለው ሰፈር ቡና ቤቶቹ ደስ ይላሉ። ሁለት ቃል ልስጥሽ፦ ጸጉሯን አሳጥራ እንደ ወንድ የምትለብሰዋን "ቶም" ይሏታል፣ የእሷን ፍቅረኛ "ዲ"። በባቡር፣ በገበያ፣ በየዩኒቨርሲቲው በር ቶምና ዲ እጅ ለእጅ ሲሄዱ ታያለሽ።

ጾም ላይ ነኝ። የምበላው አገኛለሁ?

ታገኛለህ፣ እንደውም አዲስ አበባ ያለህ እስኪመስልህ። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ያለበት ምግብ ቤት ግባ፣ "ጄ" ይሉታል። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ የለበትም። በጥቅምት አካባቢ ለዘጠኝ ቀን የጄ ጾም ሲሆን ያዎራት የሚባለው የቻይና ሰፈር በቢጫ ባንዲራ ይሸፈናል። ከዚያ ውጭ አትክልት ብቻ ብለህ ብታዝም የዓሣ ሶስ ጠብ ያደርጉበታል፤ ስለዚህ "ኪን ጄ" በል።

ጎጎ ባር ላይ ምን ልጠንቀቅ?

በግልጽ ልናገር። የወንዶቹ ጎጎ ባሮች፣ ማለትም ወጣቶች መድረክ ላይ ለደንበኛ የሚጨፍሩባቸው ባሮች፣ ዛሬ አብዛኞቹ ፓትፖንግ አካባቢ ናቸው። ከመቀመጥህ በፊት የመጠጡን ዋጋ ጠይቅ፣ ሂሳቡን በየጊዜው እየከፈልክ ሂድ። መንገድ ላይ ካርድ ይዞ "ና ትርኢት አለ" የሚልህን ተከትለህ ፎቅ አትውጣ። እዚያ የሚሠሩት ልጆች ብዙዎቹ ከሰሜን ምሥራቅ ገጠር የመጡ፣ ለእናታቸው ገንዘብ የሚልኩ ናቸው። ልጁን እንደ ዕቃ አትየው፤ ከ18 ዓመት በታች የሚመስል ካለ ተነስተህ ውጣ፣ ወንጀል ነው። ክሪስታል ወይም አይስ የሚባለውን ዕፅ "ቅመስ" የሚልህን ሽሸው፣ እስር ቤት ከገባህ በቀላሉ አትወጣም። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ክልክል ነው።

ስለ ጤና፦ ራቻዳምሪ መንገድ ላይ የታይ ቀይ መስቀል "ስም አልባ ክሊኒክ" አለ፣ ከ1991 ጀምሮ የሚሠራ። ስምህን ሳትሰጥ በቁጥር ብቻ የኤችአይቪ ምርመራ ታደርጋለህ፣ የውጭ አገር ሰውም ያስተናግዳሉ። አደጋ ደርሶብኛል ብለህ ከፈራህ በ72 ሰዓት ውስጥ ሂድ፣ መከላከያ መድኃኒቱ ከዚያ ካለፈ አይሠራም። አፍረህ አትቅር። እባክህ።

ሐበሻ ያገኘኝ ይሆን?

ሊያገኝህ ይችላል። ሱኩምዊት ሶይ 3 አካባቢ ለሕክምና የሚመጣ ወገን ብዙ ነው፤ የአረቡም የአፍሪካውም ምግብ ቤት እዚያ ነው። መታየት የማትፈልግ ከሆነ እዚያ አትረፍ። ከሰው ይልቅ የምፈራው ስልክ ነው። አንድ ወዳጄ ሶይ 4 ተቀምጦ ሳለ ሌላ ቱሪስት ራሱን ፎቶ ሲያነሳ ከኋላው ገባ። ፎቶው በሰው በሰው አዲስ አበባ ደረሰ፤ የቤተሰቡ በር ለሁለት ዓመት ተዘግቶበት ነበር። ስለዚህ ፊትህ እንዳይታይ ከፈለግህ ውስጥ ተቀመጥ፣ ለጎረቤት ጠረጴዛም "ፎቶ ይቅርብኝ" በል፣ ይገባቸዋል። አንተም ሌላ ሐበሻ ካየህ ስሙን አትጥራ፣ ለማንም አትንገር። እሱ ሰላም ካለህ ሰላም በለው።

እዚያ መጋባት እንችላለን? እኔ አሜሪካዊ ዜግነት አለኝ፣ እሱ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው የያዘው።

የውጭ አገር ሰው ለማግባት ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ከገዛ አገሩ ኤምባሲ ማምጣት አለበት። ያንተ ቀላል ነው። የእሱን ግን አስቡት፦ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ይህን የሚያስቀጣ አገር ኤምባሲ ሄዶ "ወንድ ላገባ ነው" ማለት ነው። እኔ ይሞክረው አልልም። መጀመሪያ ለእሱ ደኅንነት ሲባል ጉዳዩን የሚያውቅ ጠበቃ አማክሩ።

መቼ ልምጣ?

ከኅዳር እስከ ጥር አየሩ ይመቻል። በሚያዝያ 13 አካባቢ፣ በፈረንጁ ማለቴ ነው፣ ሶንግክራን የሚባለው የታዮች የአዲስ ዓመት የውሃ በዓል አለ፤ ሲሎም መንገድ ውሃ በውሃ ይሆናል፣ ከመላው እስያ ዜጋ ይጎርፋል፣ ሆቴል አስቀድመህ ያዝ። የዜጎች የኩራት ሰልፍ (ፕራይድ) በጁን ነው። ክረምቱ ዝናብ ነው፣ ግን ማታ ማታ ጠብ ብሎ ያባራል።

ከአዲስ አበባ ነው የምነሳው። ለመውጫና ለመመለሻ ምን ላዘጋጅ?

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድህን ያዝ፣ ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ግዴታ ነው። ከመድረስህ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት የመግቢያ ፎርሙን በኢንተርኔት ሙላ። ስትመለስ ደግሞ አውሮፕላን ከመሳፈርህ በፊት ስልክህን ቁጭ ብለህ ተመልከት፦ የመተዋወቂያ አፖቹን አጥፋ፣ ፎቶዎቹን ወደምታምነው ሰው ላክና ከስልክህ ሰርዝ፣ "በቅርቡ የተሰረዙ" የሚለውንም ባዶ አድርግ። የባሩን የእጅ ማሰሪያ ቁረጠው፤ ሰው ይረሳዋል፣ እኔም ረስቼ ኤርፖርቱ መጸዳጃ ቤት ውስጥ በጥርሴ የቆረጥኩበት ቀን ነበር።