አመዱ የማን ነው? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከአዘዞ ነው። የመጨረሻ ልጄ ሜልበርን ከገባ ስምንት ዓመት ሆነው። ከዚህ ሲሄድ የሚያውቀው ጨዋታ ኳስ ብቻ ነበር፤ ፋሲል ከነማ የሚጫወት ቀን ምሳም አይበላም። አሁን ክሪኬት የሚባል ነገር ልቡን ወስዶታል። በደወለ ቁጥር ስለ አመድ ያወራኛል፤ አውስትራሊያና እንግሊዝ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው የአመድ ግጥሚያ አላቸው ይለኛል። አንዱ ጨዋታ አምስት ቀን ይፈጃል ቢለኝ የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። ይሁን። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። አብሮት የሚሠራ እንግሊዛዊ ጓደኛ አለው፤ በታመመ ጊዜ ያስታመመው፣ እንደ ወንድም የሚያየው ሰው ነው። ቤርስቶ በሚባል ተጫዋች ሰበብ፣ ያውም ባለፈ ነገር፣ ተጨቃጭቀው ከተኳረፉ ወር አለፋቸው። ልጄ «በሕጉ ነው የወጣው» ይላል፤ ያኛው «ነውር ነው» ይላል። ለአመድ ብሎ ሰው ይኳረፋል? ደግሞስ እውነቱ ከማን ጋር ነው?
(እናት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ እኅቴ፣ ልጅዎ አላሾፈም። የነገረዎት ሁሉ እውነት ነው።

እኔ ክሪኬትን ያወቅሁት እዚሁ ጎንደር ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሁለተኛ ደረጃ ስማር የሒሳብ መምህራችን ሕንዳዊ ነበሩ፤ ያን ጊዜ በየከተማው ሕንዳውያን መምህራን ነበሩ። የእኛው የቦምቤይ ሰው ናቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሣጥን ጣውላ ጠርበው፣ ጨርቅ በሲባጎ ጠፍረው ኳስ አበጅተው፣ ሦስት የባሕር ዛፍ ዘንጎች ተክለው ሜዳ ላይ አሰለፉን። ጨዋታውን ያስረዱን በአራት ዐረፍተ ነገር ነው፤ እኔም ከዚያ አላስረዝምብዎትም። አንዱ እንጨቶቹን ለማፍረስ ኳስ ይወረውራል። ሌላው በመምቻው ይከላከላል፤ ኳሷን አርቆ ከመታ ወዲያና ወዲህ እየሮጠ ሩጫ ያስቆጥራል። እንጨቱ ከፈረሰበት፣ ወይም የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች «ወጣ» ይባላል፤ ከአሥራ አንዱ አሥሩ ሲወጡ ተራው ያልቃል። በቴስት ክሪኬት፣ አገርና አገር በሚገጥሙበት በረጅሙ ጨዋታ፣ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሁለት ተራ አለው፤ አምስቱ ቀን ሳያሸናንፋቸው ካለቀ አቻ ይለያያሉ።

አመዱ የመጣው ከመርዶ ነው። የመጀመሪያው ቴስት ሜልበርን ላይ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1877 ሲሆን አውስትራሊያ በ45 ሩጫ አሸነፈች (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው)። እንግሊዞች ይህን ቻሉት፤ ከአገራቸው ርቀው ነበር የተጫወቱት። ያልቻሉት ከአምስት ዓመት በኋላ እዚያው ለንደን፣ ኦቫል በተባለው ሜዳቸው የደረሰባቸውን ነው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 24 ቀን 1874 ዓ.ም. ነበር፤ ዘመኑ የዐፄ ዮሐንስ፣ ደርቡሽ ጎንደርን ከማቃጠሉ አምስት ዓመት ገደማ በፊት። እንግሊዝ ለማሸነፍ 85 ሩጫ ብቻ ቀርቷት ነበር። ፍሬድ ስፖፎርዝ የሚባለው አውስትራሊያዊ ወርዋሪ አንድ በአንድ ለቀማቸውና 77 ላይ አለቁ። በዚያ ጨዋታ ስፖፎርዝ ብቻውን 14 ሰው አስወጥቷል።

ከዚያ ስፖርቲንግ ታይምስ የተባለ ጋዜጣ የሐዘን ማስታወቂያ አወጣ፦ የእንግሊዝ ክሪኬት በኦቫል ሜዳ አርፏል፣ ብዙ ወዳጅ ዘመድ አዝኖለታል፣ አስከሬኑ ይቃጠላል፣ አመዱም ወደ አውስትራሊያ ይወሰዳል የሚል። እኛ አገር ሙት ስለማይቃጠል ተማሪዎቹ ነገሩ ግራ ገባን። መምህራችን ግን ሕንዳዊ ናቸውና በአገራቸው ቤተሰብ የሟቹን አመድ እንዴት በክብር ወንዝ ድረስ እንደሚወስድ ተረኩልን። እንግሊዞች ምን ያህል እንደተሰማቸው ያን ጊዜ ገባኝ።

በዚያው ዓመት አይቮ ብላይ የሚባል አምበል አመዱን ላስመልስ ብሎ ቡድኑን ይዞ አውስትራሊያ ወረደ። እዚያ የሜልበርን ሴቶች አንዲት ትንሽ የሸክላ ዕቃ አበረከቱለት። ከሴቶቹ አንዷን፣ ፍሎረንስ ሞርፊን፣ በ1884 አገባት። የዕቃዋ ቁመት 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ወለቃ መንገድ ዳር ከተደረደሩት የሸክላ ሥራዎች መካከል ብትቀመጥ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ውስጧ ያለው የተቃጠለ የክሪኬት እንጨት ነው ይባላል። ብላይ በ1927 ሲሞት ለሎርድስ ሜዳ ባለቤት ለሜሪልቦን ክሪኬት ክለብ ተሰጠች፤ ማንም ያሸንፍ ማን መኖሪያዋ እዚያው ለንደን ነው። ዛሬ አሸናፊው ከፍ አድርጎ የሚያሳየው በእሷ አምሳል የተሠራ የክሪስታል ዋንጫ ነው። እኛ «እጄ አመድ አፋሽ ነው» የምንለው ውለታችን ከንቱ ሲቀር ነው። እነዚህ ሁለት አገሮች ግን ያችን እፍኝ የማትሞላ አመድ ለማፈስ ከ140 ዓመት በላይ ባሕር ተሻግረዋል።

አሁን ወደ ልጅዎ ነገር። ሰኔ 25 ቀን 2015 ዓ.ም. ሎርድስ ላይ እንግሊዛዊው ጆኒ ቤርስቶ የተወረወረችበትን ኳስ ጎንበስ ብሎ አሳለፋትና፣ ያለቀ መስሎት የመቆሚያ መስመሩን ለቆ ከማዶ ወደቆመው መቺ ጓደኛው አመራ። ከኋላው የቆመው አውስትራሊያዊ አሌክስ ኬሪ ኳሷን ወርውሮ እንጨቱን አፈረሰው። ዳኞቹ ወጥቷል አሉ። ሜዳው በጩኸት ተናወጠ፤ የተከበሩት የክለቡ አባላት እንኳ ተጫዋቾቹ ለምሳ ሲገቡ ሰድበዋቸው ሦስቱ ታግደዋል። የሁለቱ አገሮች ጠቅላይ ሚኒስትሮች ሳይቀሩ አስተያየት ሰጡበት። አውስትራሊያ በ43 ሩጫ አሸነፈች።

ልጅዎና ጓደኛው የያዙት ክርክር ግን ከሁለቱም ዕድሜ ይበልጣል። ከዘጠና ዓመት በፊት የተባለው ቃል ያው ነው፤ አፉ ብቻ ተለዋውጧል።

በ1930 ዶን ብራድማን የሚባል የ21 ዓመት አውስትራሊያዊ እንግሊዝ ሄዶ በአምስት ጨዋታ 974 ሩጫ አስቆጠረ። የእንግሊዙ አምበል ዳግላስ ጃርዲን ይህን ሰው በምን ላቁመው ብሎ አወጣ አወረደ። በ1932 መጨረሻ አውስትራሊያ ሲገባ መላውን ይዞ ነበር፦ ሃሮልድ ላርዉድ፣ ከኖቲንግሃምሻየር የከሰል ማዕድን የወጣ እጅግ ፈጣን ወርዋሪ፣ ኳሷን መሬት አንጥሮ በመቺው ጎድንና ራስ ትክክል ይልካታል፤ ከመቺው በአንድ ወገን ደግሞ ቀላቢዎች ተኮልኩለው ይጠብቃሉ። ራሱን ሊከላከል መምቻውን ያነሣ ሁሉ ለእነሱ ያቀብላል። አለዚያ ድብደባውን ይችላል።

አዴላይድ ላይ፣ ጥር 6 ቀን 1925 ዓ.ም.፣ የአውስትራሊያው አምበል ቢል ዉድፉል ከልቡ በታች ተመትቶ ተንገዳገደ። ከሁለት ቀን በኋላ በርት ኦልድፊልድ ጭንቅላቱን ተመቶ የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ። የእንግሊዝ ቡድን ሥራ አስኪያጅ ዉድፉልን ሊጠይቁ መልበሻ ክፍል ሲገቡ፣ እሱ ሜዳው ላይ ሁለት ቡድኖች አሉ፣ ክሪኬት ለመጫወት የሚሞክረው ግን አንዱ ነው ብሎ መለሳቸው። የአውስትራሊያ ክሪኬት ቦርድ ለለንደን በላከው ቴሌግራም ድርጊቱን ከስፖርት ጨዋነት የራቀ አለው፤ በሁለቱ መንግሥታት መካከል እንኳ ነገር ሻከረ። ያ ጨዋታ ያለቀው ጥር 11 ነበር፤ እዚህ ጥምቀት በሚከበርበት ዕለት። እንግሊዝ ግጥሚያውን 4 ለ 1 አሸነፈች።

መምህራችን እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁለት ነገር ሳይነግሩን አያልፉም። ጃርዲን የተወለደው በእሳቸው ከተማ በቦምቤይ ነው፤ ይህን ሲሉ ፊታቸው ይጠቁራል። በዚያው የእንግሊዝ ቡድን ውስጥ ግን የፓታውዲ ገዥ የሆነ ሕንዳዊ መስፍን ነበር። ሲድኒ ላይ በመጀመሪያ ቴስቱ 102 ሩጫ አስቆጥሯል። በዚያ ወጥመድ ውስጥ ቁም ሲባል እምቢ አለ፤ ከሁለተኛው ጨዋታ በኋላም ከቡድኑ ወጣ። ይህን ሲሉ ፊታቸው ይፈካል።

እንግዲህ ያን ጊዜ «ሕጉ ይፈቅዳል» ያለው እንግሊዛዊ ነው፤ «ነውር ነው» ያለው አውስትራሊያዊ። ዛሬ ልጅዎ የጃርዲንን ቃል፣ ጓደኛው የዉድፉልን ቃል ይዘዋል። ይህን ለሁለቱም ይንገሩልኝ።

እውነቱ ከማን ጋር ነው ላሉኝ፣ ሳልሸሽ እመልሳለሁ። ሕጉ ከልጅዎ ጋር ነው፤ ቤርስቶ ኳሷ መሞቷን፣ ማለት ከጨዋታ ውጭ መሆኗን፣ ሳያረጋግጥ መስመሩን መልቀቅ አልነበረበትም። እኔ ግን አምበሉ ብሆን መልሼ እጠራው ነበር። እኛ ያደግነው ገና እየተጫወትን ነው፤ ዳኛ የለ፣ ፊሽካ የለ፣ ሜዳውን የሚያስተዳድረው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። የዘነጋን ሰው ከኋላ ቀድሞ ጥንጓን የወሰደ ልጅ ያሸንፍ ይሆናል እንጂ ማታ ሲዘፈን ስሙ አይነሣም። የጃርዲንና የኬሪ ነገር ግን በእኔ ሚዛን እኩል አይደለም። ኬሪ የሰው ነጥብ ነው የወሰደው፤ ጃርዲን የሰው ጎድን ነው ያስመታው። የክሪኬት ሕግ ራሱ በኋላ ተሻሽሎ ያን አሰላለፍ ከልክሏል።

አሁን ደግሞ ለኩርፊያው የሚሆን ነገር ልንገርዎት። ላርዉድ ከዚያ ጉዞ ሲመለስ ይቅርታ ጠይቅ ተባለ። ያዘዘኝ አምበሌ ነው፣ ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር የለኝም ብሎ እምቢ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ለእንግሊዝ አልተጫወተም። አምበሉ ጃርዲን ግን በአምበልነቱ ቀጠለ። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ የማዕድን ሠራተኛው ልጅ የጌታውን ዕዳ ከፈለ። ላርዉድ ብላክፑል በምትባል ከተማ ጣፋጭ የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ተቀመጠ። በመጨረሻ የተጠጋው ማንን መሰለዎት? በ1950 ሚስቱንና አምስት ሴት ልጆቹን ይዞ ወደ አውስትራሊያ ተሰደደ። እንዲመጣ ያግባባውና የረዳው ጃክ ፊንግልተን ነው፤ በዚያ ክፉ ዓመት የላርዉድን ኳስ ፊት ለፊት የተጋፈጠ መቺ። ሲድኒ ላይ በሰላም ኖሮ በ1995 እዚያው አረፈ። የልጅዎም አገር ያቺው አውስትራሊያ ሆናለችና ይህን ታሪክ እሱ ከእኔ በላይ ይረዳዋል።

ሌላም ሰው አለ። ሄድሊ ቬሪቲ እንግሊዛዊ ነው፤ ብራድማንን በቴስት ስምንት ጊዜ አስወጥቶታል። የጣሊያን ጦር እዚህ ጎንደር ላይ በኅዳር 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቬሪቲ ሲሲሊ ላይ ሲዋጋ ቆስሎ ተማረከና ጣሊያን ውስጥ ሞተ። በዚያ ጦርነት ምክንያት ከ1938 እስከ 1946 አመዱን የሚፈልገው አልነበረም።

ልጅዎ አንድ ፎቶግራፍ ሳያውቅ አይቀርም፤ ከ2005 ኤጅባስተን ነው። እንግሊዝ በሁለት ሩጫ ብቻ አሸንፋ ሁሉም ሲጨፍር፣ አንድሩ ፍሊንቶፍ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ሜዳ ላይ የተቀመጠውን ተሸናፊ ብሬት ሊን ትከሻውን ይዞ ያጽናናዋል። ያን ፎቶ ለጓደኛው ይላክለት። መጀመሪያ የሚልከው ልጅዎ ይሁን፤ ሕጉ ከእሱ ጋር ነዋ።

ስልክ የሚደውሉበትን ሰዓትም ልብ ይበሉ። እንግሊዝ በየአራት ዓመቱ ገደማ ወደ አውስትራሊያ ስትሄድ የሜልበርኑ ጨዋታ የሚጀመረው ታኅሣሥ 17፣ ለገና አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። በእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ይጀምራሉ፤ እርስዎ ቡና በሚቆሉበት 1 ሰዓት አካባቢ ለሻይ ያርፋሉ። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ቢደውሉለት ልቡ ከእርስዎ ጋር ይሆናል።

ጥያቄ፦ አንድ ሕንዳዊ መምህራችን 99.94 የሚለውን ቁጥር እንደ ስም ይጠራዋል። ምንድን ነው?
(ተማሪ፣ ከማራኪ)

መልስ፦ ልጄ፣ እኛንም አማካይ ያስተማሩን በዚሁ ቁጥር ነው። ብራድማን በቴስት ሕይወቱ 6,996 ሩጫ አስቆጥሮ 70 ጊዜ ወጥቷል። በ1948 ለመጨረሻ ጊዜ ኦቫል ሜዳ ሲገባ፣ ያ መርዶ የተነገረበት ሜዳ ነው፣ አራት ሩጫ ብቻ ቢጨምር አማካዩ ልክ 100 ይሆን ነበር። ኤሪክ ሆሊስ በሁለተኛዋ ኳስ በዜሮ አስወጣው። ሰሌዳው ጋ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። 6,996ን ለ70 ማካፈል ጀመርኩ፤ 99.942857 ላይ ስደርስ ቁጥሮቹ ከ1 ጀምረው እንደገና ይዞሩ ያዙ። ሰሌዳው እስኪያልቅ ጻፍኩ። መምህሩ ዝም ብለው ያዩኝ ነበር፤ ጠመኔዬ ከግድግዳው ጫፍ ሲደርስ ነው «በቃ፣ ተቀመጥ» ያሉኝ።