«እኔ አሳርፈዋለሁ» ለምትሉኝ

ልጆቼ፣ ባለፈው እሑድ ቡና ላይ የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ሁለቱም አብራሪዎች ቢታመሙ ቦይንጉን እኔ አሳርፈዋለሁ፤ ስልኬ ላይ ስንቴ አሳርፌያለሁ» አለኝ። ቤቱ ሳቀ። እኔ ዕድሜዬን ሲሙሌተር (መሬት ላይ ያለ የበረራ ማስመሰያ) ውስጥ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ከነከነኝ።

ምንም ያልሠለጠነ መንገደኛ ትልቅ ጄት በሰላም ያሳረፈበት ጊዜ እስከ ዛሬ የለም። አይቻልም ግን አልልም። ዘመናዊ ጄት ራሱን ማሳረፍ ይችላል። ይሁንና የማረፊያውን ፍሪኩዌንሲ (የሬዲዮ ሞገድ ቁጥር)፣ ፍጥነቱን፣ ፍላፑን (የክንፉን ተዘርጊ ክፍል)፣ ጎማውን በየተራው የሚያዘው ሰው ይፈልጋል። በእጅ ከሆነ ደግሞ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረራችሁ፣ መሬቱ 10 ሜትር ገደማ ሲቀር አፍንጫውን በልክ ቀና ማድረግ አለባችሁ። ወራት የተማሩ ልጆች እንኳ መጀመሪያ ላይ ያፈርጡታል። እኔም አፍርጬዋለሁ፤ ደግነቱ ሲሙሌተር ነበር።

የኒውዚላንዱ ዋይካቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለሰዎች አራት ደቂቃ የማይሞላ የማረፍ ቪዲዮ አሳዩ። የአብራሪዎቹ እጅ እንኳ አይታይበትም። ያዩት ሰዎች ግን ካላዩት ይልቅ «እችላለሁ» አሉ።

በግንቦት 2014 ዓ.ም. ፍሎሪዳ ላይ የአንዲት ትንሽ ሴስና አብራሪ ራሱን ሳተ። መንገደኛው ሬዲዮውን አንስቶ መጀመሪያ የተናገረው ማብረር ጨርሶ እንደማያውቅ ነው። የበረራ አስተማሪም የሆነ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ተጠርቶ ከምድር ደረጃ በደረጃ እየነገረው አሳረፋት። ዕውቀቱ የተቆጣጣሪው ነበር፤ መንገደኛው ያዋጣው አለማወቁን ሳያፍር መናገሩን ነው።

በኅዳር 1989 ዓ.ም. የእኛን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 የጠለፉት ሰዎች የተገላቢጦሹ ነበሩ። አውሮፕላኑ 11 ሰዓት መብረር እንደሚችል መጽሔት ላይ አንብበዋልና አውስትራሊያ ውሰደን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ ለናይሮቢ ጉዞ የተሞላ መሆኑን ቢነግራቸውም አላመኑትም። ነዳጁ አልቆ ሞተሮቹ ጠፉ፤ ኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ አጠገብ ውኃ ላይ አረፈ። ከ175 ሰው የተረፈው 50 ነው።

ይህን ስጨርስ ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ሬዲዮው የቱ ጋ ነው?» አለኝ። መሪው ላይ፣ ጣትህ የሚያርፍበት ቁልፍ ናት አልኩት። እዚያው መሪ ላይ አውቶፓይለቱን (አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረውን መሣሪያ) የምታጠፋ ሌላ ቁልፍ አለችና ተጠንቀቅ።