የፈታሽውን ሮቦት አትደብቂው

ባሕር ዳር የምትማሪ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አክስትሽ ከሜሪላንድ ያመጡልሽን ሮቦሳፒየን የተባለ በሪሞት የሚራመድ የሮቦት አሻንጉሊት ፈትተሽ ከአርዱዊኖ ጋር (ፕሮግራም ከሚጻፍባት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር) አገናኝተሻል፤ አንድ አርዱዊኖም አቃጥለሻል። አሁን የትምህርት ክፍል መምረጫሽ ደርሷል። አባትሽ «በአሻንጉሊት ጊዜሽን አትፍጂ፣ ሶፍትዌር ተማሪ» ይሉሻል። አንቺ ደግሞ ይህ ሙያ ይሆናል ወይ ብለሻል።

ይሆናል። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ እንዳነብ ያደረገኝ ሮቦቱ መራመዱ ብቻ አይደለም። ምንም ንድፍ በእጅሽ ሳይኖር ሌላ ሰው የሠራውን ዕቃ አንብበሽ መረዳትሽ ነው። የሪሞቱን ምልክት ከሚቀበለው ክፍል ላይ ሽቦ አውጥተሽ ምልክቱ በሰከንድ 1/1200ኛ ክፍል እየተለካ እንደሚመጣ፣ «1» ከ«0» የሚለየውም ከፍ ብሎ በሚቆይበት ጊዜ ርዝመት እንደሆነ ደርሰሽበታል። ሆስፒታል ውስጥ መመሪያው የጠፋበትን መሣሪያ የሚያስነሣው ባለሙያም፣ ፋብሪካ ውስጥ የቆመ ማሽን የሚያስተካክለውም የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

አባትሽን በአክብሮት አነጋግሪያቸው፤ ስጋታቸው የእንጀራሽ ጉዳይ ነው። ይህንንም ንገሪያቸው፦ ሮቦቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲወጣ ንድፍ አውጪው ማርክ ቲልደን ሆን ብሎ ለመፍታት እንዲመች አድርጎታል። አካሉ በካቻቢቴ ይፈታል፤ በውስጡ ባለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይም የመሰኪያዎቹ ስም ተጽፏል። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጀርመን የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጭንቅላቱን አንሥተው በምትኩ የኪስ ኮምፒውተርና ካሜራ ተክለውበት እግር ኳስ አጫውተውታል። አንቺ የጀመርሽው ሥራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምርምር ተብሎ የተሠራ ነው።

ስለተቃጠለው አርዱዊኖ «እባክዎ ለማንም አይንገሩብኝ» ብለሻል። በዚህ ግን አልስማማም። የሆነው ግልጽ ነው፤ ሞተሩን በቀጥታ ከአርዱዊኖው እግር፣ ማለትም ሽቦ ከሚያያዝበት ፒን፣ ጋር አያይዘሽዋል። አርዱዊኖ ኡኖ የተባለው ዓይነት አንድ እግሩ ቢበዛ 40 ሚሊአምፔር የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው የሚችለው። ሞተር ሲነሣ ከዚያ እጅግ የበለጠ ይስባል፤ ሲቋረጥም የቮልቴጅ ምት መልሶ ይልካል። በመካከላቸው ለሞተሩ ኃይል የሚያቀብል የሞተር መንጃ ሰሌዳ መግባት ነበረበት። ለዓመታት ሥራ ፈላጊዎችን ቃለ መጠይቅ ሳደርግ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው «የሠራኸው ነገር ሲበላሽ ምን አደረግህ?» የሚለውን ነው፤ ብዙዎች ዝም ይላሉ። አንቺ ግን መልስ አለሽ። የተቃጠለውን ሰሌዳ ፎቶ አንሺ፤ ምን ጠብቀሽ እንደነበር፣ ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎ ምን እንደለወጥሽ በአንድ ገጽ ጻፊ። የምልክቱን ልኬት የያዘውን ደብተርሽንም አትጣይው። ለሥራ ስታመለክቺ ይህ ከብዙ የሥልጠና የምስክር ወረቀት ይልቅ ስለ አንቺ ይናገራል።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ እኔ ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስናን እመርጥልሻለሁ። ሶፍትዌር መጥፎ ሆኖ አይደለም። ፕሮግራም መጻፍ አንድ ላፕቶፕ ካለሽ ማታ ማታ ራስሽን ማስተማር ትችያለሽ፤ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ምልክትን በእስክሪን ላይ ስሎ የሚያሳይ መሣሪያ) እና የኃይል ላቦራቶሪ ግን ቤትሽ አይመጡም። ደግሞም ደስታሽ ኮድና ኤሌክትሪክ በሚገናኙበት ቦታ መሆኑ ከእያንዳንዱ መስመርሽ ያስታውቃል። ውጤትሽ ለዚያ ክፍል ባይበቃ ሶፍትዌር ገብተሽ በትርፍ ጊዜሽ ሶልደር ማድረጉን (ሽቦና ሰሌዳ መበየዱን) ቀጥይ፤ መንገዱ ይረዝማል እንጂ አይዘጋም።

የምርጫውን ቅጽ ከመሙላትሽ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊ። ለእግሮቹ 4 ትልልቅ አዲስ የባትሪ ድንጋይ ግዢ፤ ሮቦቱን በከረጢት ይዘሽ ወደ ኤሌክትሪካል ላቦራቶሪ ሂጂና ቴክኒሻኑን «ይህን ምልክት በኦሲሎስኮፕ ላይ ያሳዩኝ» በያቸው። በወረቀት ላይ የሳልሽው መስመር እስክሪኑ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል ተመልከቺ፤ ከዚያ ወጥተሽ ቅጹን ሙዪ።