መልስ፦ መሪው በቀኝ የሆነ መኪና መንዳት ይከብዳል ወይ?

ሁሌ በግራ መሪ ነድቼ አሁን የቀኝ መሪ መኪና ላይ ልቀመጥ ነው፣ እግሬ ይምታታብኝ ይሆን ብለህ ነው የጠየቅከው። እግርህ አይምታታም። ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ነዳጅ፣ ቅደም ተከተላቸው በሁለቱም ያው ነው። የሚቸገረው እጅህ ነው። ማርሹን በግራ እጅህ ትቀይራለህ፤ አንደኛ ማርሽ ግን ያው ድሮ የምታውቀው ቦታ ነው። መጀመሪያ ላይ እጅህ የበሩን እጀታ ሲፈልግ ታገኘዋለህ፣ አትፈር። አውቶማቲክ ካገኘህ ግማሹ ጣጣ ቀረልህ።

በብዙ የጃፓን መኪኖች ፍሬቻው በቀኝ፣ የዝናብ መጥረጊያው በግራ ነው። ስለዚህ ልትታጠፍ ስትል በጠራራ ፀሐይ መስታወትህን ትጠርጋለህ።

ዋናው ጉዳይ ግን መንገዱ ነው። አገሩም በግራ የሚነዳ ከሆነ፣ እንደ ጃፓን ወይም እንግሊዝ፣ አንተ ሁሌም በመሃል መስመሩ በኩል ትሆናለህ። ይህን ከያዝክ ብዙም አትሳሳትም። አደባባይ ላይ ግን በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚዞረው፣ ልብ በል።

በቀኝ በሚነዳበት አገር የቀኝ መሪ ከያዝክ፣ እኔን የሚያስፈራኝ መቅደም ነው። ከፊትህ ትልቅ የጭነት መኪና ካለ ከወዲያ የሚመጣው አይታይህም። ራቅ ብለህ ተከተል፣ እይታህ ይከፈታል። አሁንም ካልታየህ አትቅደም። የፊት መብራቱንም አስተካክል፤ በግራ ለሚነዳበት አገር የተሠራ መብራት ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል።